ስትሮክ ሲያጋጥም አስታማሚ ምን ያድርግ?

እዚህ ጅማ የአንድ ሰው አፍ በድንገት ሲጣመም ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሰማው «ምች ነው» የሚል ነው። ዳማከሴ ይቀጠፋል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ሰዓቱ ይነጉዳል። አፍ ከተጣመመ፣ አንድ እጅ አልነሳ ካለ ወይም አንደበት ከተሳሰረ ስትሮክ ነው ብላችሁ ተነሱ። ሳይሆን ቢቀር እሰየው ነው።

ዳማከሴውም ውሃውም በአፉ አይግባ። ስትሮክ መዋጥን ስለሚያስቸግር የሰጣችሁት ነገር ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። አስፒሪንም ይቆይ። የአንጎሉ የደም ሥር ተዘግቶ ይሁን ፈንድቶ ደም እየፈሰሰ ከውጭ አይታወቅም፣ የሚለየው ሲቲ ስካን የሚባለው የራስ ቅል ውስጥ ምርመራ ነው፤ እየፈሰሰ ከሆነ ደግሞ አስፒሪኑ ያባብሰዋል።

ከቤት ሳትወጡ አንድ ነገር አጣሩ፦ ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ የታየው መቼ ነው? ጠዋት ከእንቅልፉ ሲነሳ ከታወቀ የሚቆጠረው ከነቃበት ሳይሆን ማታ ደህና ሆኖ ከተኛበት ሰዓት ነው። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው በአብዛኛው ሕመሙ ከጀመረ 4 ሰዓት ተኩል ሳያልፍ ነው። በየሆስፒታሉ አይገኝም፣ ቢሆንም ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ይህንኑ ሰዓት ነው። ስትመልሱ «ከሌሊቱ 10 ሰዓት» ብላችሁ ለይታችሁ ተናገሩ፤ ካርዱ ላይ በፈረንጅ ሰዓት ከተጻፈ 6 ሰዓት የሚያህል ስህተት በቀላሉ ይገባል።

የሚወስዳቸውን ክኒኖች ከነማሸጊያቸው ያዙ፣ በተለይ እንደ ዋርፋሪን ያለ የደም ማቅጠኛ ካለ። ከአጋሮ ወይም ከሰቃ የምትመጡ ከሆነ ከተማ ያለ ዘመድ ቀድሞ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ድንገተኛ ክፍል ሄዶ ይንገር።

እዚያ ስትደርሱ ሥራ ተከፋፈሉ። አንዱ ካርድና ክፍያ ይጨርስ፣ ሲጀምረው ያየው ሰው ደግሞ ከታማሚው አይለይ። አስር ሰው አልጋ ከቦ ሁሉም የየራሱን ሲያወራ ሐኪሙ ማንን ይስማ? ነርሷ ጣት ወግታ ስኳር ትለካለች፣ የስኳር ማነስ ስትሮክ ሊመስል ስለሚችል። የላይኛው የደም ግፊቱ 200 ሆኖ ብታዩ «ለምን አታወርዱለትም?» ብላችሁ አትጨቅጭቁ። ሥሩ ተዘግቶ ከሆነና ማሟሟቻ ካልተሰጠ፣ ሌላ አጣዳፊ ምክንያት እስከሌለ ድረስ እስከ 220/120 ሆን ብለው ሊተዉት ይችላሉ፤ ለተጎዳው አንጎል ደም የሚያደርሰው ያ ግፊት ነውና።

ዋርድ ከገባ በኋላ ግማሹ ሥራ የናንተ ነው። መዋጡ ሳይፈተሽ የቤት አጥሚት አታቅርቡ፤ ሲፈቀድ ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡትና በትንሽ በትንሹ። መገላበጥ ካቃተው በየ2 ሰዓቱ ጎኑን ቀይሩለት። ፊዚዮቴራፒስቱ ሲመጣ ለሻይ አትውጡ፣ እጁን እንዴት እንደሚያንቀሳቅስ እዩ፣ እያየም ራሳችሁ ሞክሩት። ታማሚውን በደከመው ክንዱ ይዞ ማንሳት ትከሻውን ስለሚጎዳ ደግፋችሁ የምታነሱት ከጀርባው ነው። ነርስ ተረኛ ሲቀያየር ሌሊት ያያችሁትን ለውጥ፣ እንቅልፍ መብዛትም ይሁን ትውከት፣ ለአዲሷ ንገሯት፤ በወረቀት ሳይሰፍር የቀረ ነገር ሊኖር ይችላል።

ስትወጡ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ቀጠሮው መቼ ነው፣ ፊዚዮቴራፒው የት ይቀጥላል፣ የትኛው ክኒን ዕድሜ ልክ ነው። የግፊት ክኒን ተሻለኝ ተብሎ አይተውም፣ ሊያልቅ ሲል ቀድማችሁ ግዙ።