ባይፓስ ሲታሰብ በምክክሩና በአካባቢ ጥናቱ ላይ የማይደገሙ ስህተቶች

ከባድ መኪና መሃል ከተማ ከባጃጅና ከፍየል ጋር ሲጋፋ፣ መፍትሔው ባይፓስ ነው ይባላል። ከተማውን በዳር ዞሮ የሚያልፍ መንገድ ማለት ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ነገሩ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ዶዘር ሳይገባ በፊት ነው፤ ከሕዝብ ጋር በሚደረገው ምክክርና መንገዱ በአካባቢው ላይ የሚያመጣውን ጉዳት በሚመረምረው ጥናት ላይ።

አንደኛው ስህተት መስመሩ ካለቀለት በኋላ ሕዝብ መጥራት ነው። ካርታው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ ቀይ መስመሩ ተሰምሯል። «አስተያየት ስጡ» ይባላል። በምኑ ላይ? ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ላይ ሰዎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከት ፕሮጀክት ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት አላቸው ይላል። የተወሰነን ነገር መንገር መጠየቅ አይባልም። ሁለት ሦስት አማራጭ መስመር ይዛችሁ ሂዱ። «ጭራሽ ባይሠራስ?» የሚለውም አንዱ አማራጭ ይሁን።

ሁለተኛው ፊርማን እንደ ስምምነት መቁጠር ነው። አንድ ስብሰባ ላይ የስም መቆጣጠሪያው በወንበሮቹ መሃል ሲዞር አይቻለሁ። ኋላ የተቀመጡ እናት ጣታቸውን ቀለም ነክረው አሳረፉ። ከዚያ ወደ ጎረቤታቸው ዘንበል ብለው «ምን ላይ ነው የፈረምኩት ልጄ?» አሉ። ሪፖርቱ ላይ «ኅብረተሰቡ በሙሉ ድምፅ ደግፏል» ተብሎ ወጣ። ስብሰባው በገበያ ቀን አይሁን። ሴቶችን ለብቻቸው አነጋግሩ። ባለይዞታውን ብቻ ሳይሆን እኩል አራሹንና ተከራዩንም ጥሩ።

በጋ ላይ ብቻ አጥንቶ መመለስስ? እኔን በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። በጥር ማሳው ሁሉ ደረቅ ነው፤ ፎቶው ያምራል። ከማሳው ከፍ ብሎ የተሞላ መንገድ ግን ክረምት ላይ ግድብ ነው። የውሃ ማስተላለፊያ ቱቦው ካነሰ ወይም ቦታውን ከሳተ ውሃው ወደ ኋላ ይተኛል። መሬቱ መረሬ፣ ማለትም ጥቁር ጭቃማ አፈር ከሆነማ ቶሎ አይሰርግም፤ ሰብሉም እዚያው ይበሰብሳል። አንድ ሽማግሌ «ነሐሴ ላይ ውሃው እስከ የት ይደርሳል?» ብላችሁ ጠይቁ። ወስደው ግንዱ ላይ የቀረውን የጭቃ ምልክት ያሳዩዋችኋል። ይህን ውሃው የት እንደሚደርስ በኮምፒውተር የሚሰላበት ሞዴል አይነግራችሁም።

መኪና ቆጥሮ እግር አለመቁጠርም አለ። የአዲስ አበባ ቀለበት መንገድ በ1990ዎቹ ሲሠራ መሃሉ በኮንክሪት ተከፈለ፤ የእግረኛ ድልድዮቹም ተራራቁ። ሰው ምን አደረገ? ዘለለ። ጆንያ የተሸከመው፣ ልጅ ያዘለችው፣ ሁሉም ኮንክሪቱን ይወጣ ጀመር። ዳር ነው የተባለው መንገድ ዛሬ ከተማው ውስጥ ነው። ስለዚህ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ቁሙና ወደ ትምህርት ቤት፣ ወደ ወፍጮ ቤት፣ ወደ ውሃ የሚሻገረውን ቁጠሩ። ከብቱንም ጭምር።

አፈርና ድንጋይ የሚወጣበትን ጉድጓድ ክፍት ትቶ መሄድ የለም፤ ውሃ ይይዛል፣ ትንኝ ይራባበታል። አሮጌው መንገድ ላይ ያለው ጎሚስታና ሻይ ቤትም ጥናቱ ውስጥ ይግቡ፤ ገበያቸው ከመኪናው ጋር ነው የሚሄደው።

በመጨረሻ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወፍራም ጥራዝ ቢሮ አስቀምጦ «ይፋ ሆኗል» ማለት ይቅር። የ1995ቱ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ፣ ቁጥር 299፣ ጥናቱ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆንና አስተያየት እንዲሰበሰብበት ያዛል። አካባቢው በሚናገረው ቋንቋ ሦስት ገጽ ጻፉ። ማን ምን ጠየቀ፣ ምን ተመለሰለት፣ የትኛውን አልተቀበላችሁም፣ ለምን። ቀበሌው በር ላይ ለጥፉት።