የቆረጣችሁት ሉፕ ኪቦርድ ላይ ሲበላሽ

ከቱሉ ዲምቱ እስከ ኮዬ ፈጬ፣ ኮንዶሚኒየም ክፍላቸው ውስጥ ቢት የሚሠሩ ልጆች ብዙ ናቸው። የከበሮ ወይም የማሲንቆ ሉፕ (ተደጋግሞ የሚጫወት አጭር ቅጂ) ይቀርጻሉ፤ ሳምፕለር (የተቀረጸ ድምፅን በኪቦርድ የሚያጫውት መሣሪያ) ላይ ይቆርጡታል፤ የሙዚቃ ኪቦርዱን ሲነኩት ያሰቡት አይወጣም። እዚህ ያየሁት አብሌተን በሚባለው የሙዚቃ ሶፍትዌር ውስጥ ባለው ሳምፕለር፣ በሲምፕለር ነው፤ ሌሎቹም ላይ ነገሩ ተቀራራቢ ነው።

ኪቦርዱ ዝም አለ። ሲምፕለር የመጀመሪያውን ቁራጭ የሚያስቀምጠው ሲ1 (ከታች በኩል ያለ የሲ ኖታ) ላይ ነው። ባለ 25 ቁልፍ ኪቦርድ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በላይ ይጀምራል። ኦክታቩን ዝቅ አድርጉት፣ በቃ።

ቁራጩ ሲጀምር "ጭ" ይላል። ሞገዱ ዜሮ ላይ ሳይደርስ ተቆርጧል ማለት ነው። ስናፕን (መቁረጫውን ሞገዱ ዜሮ ወደሚሆንበት የሚስበውን) አብሩ። ካልጠፋ ፌድ ኢን (ድምፁን ቀስ አድርጎ የሚያስነሳውን) ትንሽ ጨምሩ፤ ከበዛ ግን የከበሮው ምት ይደነዝዛል።

ድምፆቹ ይደራረባሉ። ከፖሊ (ብዙ ድምፅ አብሮ) ወደ ሞኖ (አንድ በአንድ) ቀይሩት።

ማሲንቆው የማይሆን ቦታ ላይ ተቆርጧል። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ነው። ሶፍትዌሩ የሚፈልገው ድንገት የሚነሳ ድምፅ ነው። ከበሮ ሲመታ፣ ክራር ሲገረፍ ይህ አለ። ማሲንቆ ግን በደጋን ስለሚገዘገዝ ድምፁ ቀስ ብሎ ይነሳል፤ አንዱ ኖታ ወደ ሌላው ይንሸራተታል። ሴንሲቲቪቲ (አዲስ ድምፅ የመለየት ንቃቱን) ብትጨምሩ የጭራውን ፍትጊያ ሁሉ እንደ አዲስ ኖታ ይቆጥረዋል። አቆራረጡን ማኑዋል (በእጅ) አድርጉና በጆሯችሁ ቁረጡ። ኖታው ከተረጋጋ በኋላ ሳይሆን መንሸራተት ሲጀምር ቁረጡ፤ የማሲንቆው ለዛ ያለው እዚያች መንሸራተት ላይ ነው።

ችክችካው ተንገዳገደ። ችክችካ 6/8 ነው፤ ምቱ ሦስት ሦስት ሆኖ ይከፈላል። በ4/4 ፕሮጀክት፣ ከአቆራረጥ ምርጫዎቹ ቢትን (በእኩል ርቀት መቁረጥ) መርጣችሁ በ1/16 ከቆረጣችሁት ምቱ መሃል ለመሃል ይሰነጠቃል። ትራንዚየንት (ድምፁ ድንገት በሚነሳበት የሚቆርጠውን) ምረጡ። ስትጫወቱት ደግሞ በ1/16 ኳንታይዝ አታድርጉ (ምቱን ወደ እኩል መስመር አትጎትቱት)፤ የ1/8 ትሪፕሌት (በሦስት የተከፈለው) ይሻላል። እኔ ጭራሽ ባትነኩት እመርጣለሁ፤ የከበሮ መቺው እጅ ትንሽ ሲዘገይና ሲቀድም ነው ትከሻ የሚነቀንቀው።

"እምም" የሚል ድምፅ ይመጣል ይጠፋል። ቀረጻው ውስጥ የገባ የመብራቱ 50 ኸርዝ ነው። ሙሉው ሉፕ ላይ ጆሮ ይለምደዋል፤ ሲቆራረጥ ከየቁራጩ ጋር ስለሚበራና ስለሚጠፋ ያስጠላል። ማሲንቆና ክራር ከሆነ ከመቁረጣችሁ በፊት ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን በኢኪው (ወፍራምና ቀጭን ድምፅ ማስተካከያ) አውጡት። ከበሮ ላይ ግን እንዲህ አታድርጉ፣ ጉልበቱ እዚያው ነው። ይልቅ ላፕቶፑን ከቻርጀር ነቅላችሁ በባትሪ እንደገና ቅረጹ።