ስምን የሚያጎድፍ ዜና ኢንተርኔት ላይ ሲወጣ ምን ማድረግ ይገባል?

ስለ ራስዎ የተጻፈ መጥፎ ዜና ሲያገኙ፣ መልስ ለመጻፍ ከመቸኮልዎ በፊት ዜናውን ባለበት ሁኔታ ያስቀምጡ። ጽሑፉን ከርዕሱ እስከ መጨረሻው፣ የወጣበት ቀን፣ የገጹ ስምና ሙሉ አድራሻው በሚታይበት መልኩ ስክሪንሹት ያንሱ፤ ቪዲዮ ከሆነ ያውርዱት። በፌስቡክ፣ በቴሌግራምና በቲክቶክ ተቀባብለውት ከሆነ እያንዳንዱን ለየብቻ ይያዙ። ጽሑፉ ነገ ሊቀየር ወይም ሊጠፋ ስለሚችል፣ ያን ጊዜ የሚያስረዳልዎ ይህ ብቻ ነው።

ቀጥሎ በስምዎ ምን ምን እንደተጻፈ ይፈልጉ። በጅማ የአንድ ሰው ስም በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በእንግሊዝኛ ስለሚጻፍ አንዱን ብቻ መፈለግ አይበቃም። ጫላ የሚለው ስም በቁቤ ሲጻፍና በእንግሊዝኛ ሲጻፍ አንድ አይደለም፤ በአማርኛም መሐመድ፣ መሀመድና ሙሐመድ እየተባለ ይጻፋል። በስምና በአባት ስም ብቻ የምንጠራ በመሆናችን የሌላ ሰው ጥፋት በእርስዎ ስም ተነብቦ ሊሆንም ይችላል። እንዲህ ከሆነ ዜናው የአያት ስም፣ ዕድሜ ወይም የሥራ ቦታ እንዲጨምር መጠየቅ ይበቃል፤ ጋዜጠኞችም ይህን ጥያቄ ብዙውን ጊዜ ያለ ክርክር ይቀበሉታል።

ከዚያ በኋላ ዜናውን ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር እያነበቡ ሐሰት የሆነውን፣ እውነት ሆኖ የጎደለውን እና ሙሉ በሙሉ እውነት የሆነውን ይለዩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ስላበሳጨው ብቻ ዜናውን በጅምላ «ውሸት ነው» ይላል፣ አንዱ መስመር እውነት ሆኖ ሲገኝ ግን የቀረውንም የሚያምነው ያጣል።

ከሁሉም የሚከብደው እውነት ሆኖ የጎደለው ነው። አንድ የቡና አቅራቢ «ከሕጋዊ የግብይት ሥርዓት ውጭ ጀንፈል ሲያዘዋውር ተያዘ» ተብሎ ተዘገበ እንበል፤ ጀንፈል ከነገለባው የደረቀ ቡና ነው። በዕለቱ መያዙ እውነት ነው፤ ከወራት በኋላ ግን ፍርድ ቤት በነፃ ያሰናብተዋል። መያዙን የዘገበው ሚዲያ መሰናበቱን ሳይዘግብ ይቀራል፤ ስለዚህ ብድር የሚጠይቀው ባንክም ሆነ ውል ሊዋዋለው ያሰበው የአዲስ አበባ ላኪ ስሙን ሲፈልግ የሚያገኘው የመጀመሪያውን ዜና ብቻ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20(3) የተከሰሰ ሰው በፍርድ ሂደት ባለበት ጊዜ እንደ ንጹሕ የመቆጠር መብት ይሰጠዋል፤ ነፃ ከወጣ በኋላ ለዓመታት እንደ ጥፋተኛ መታየቱ ደግሞ በእኔ እምነት ከባድ በደል ነው። መፍትሔው የውሳኔውን ግልባጭ አያይዞ፣ የነፃ መውጣቱ ዜና በዚያው ገጽ፣ ከድሮው ዜና አናት ላይ፣ ከነቀኑ እንዲገባ መጠየቅ ነው። ለብቻው የሚወጣ አዲስ ዜና የድሮውን ለሚያነብ ሰው አይደርሰውም። ገጹ ከታረመ በኋላም ጉግል የቀድሞውን ጽሑፍ እያሳየ ከቆየ፣ ጊዜ ያለፈበትን ይዘት ለማደስ ባዘጋጀው ቅጽ ማመልከት ይቻላል።

ለዝግጅት ክፍሉ የሚጻፈው ደብዳቤ አጭር ይሁን፤ ስድብም ዛቻም አይኑርበት። ለምሳሌ፦ «ስለ ቡና ዝውውር ባወጣችሁት ዜና ሦስተኛ አንቀጽ ላይ መጋዘኑ የእኔ እንደሆነ ተገልጿል። መጋዘኑን በወቅቱ ተከራይቶ ይሠራበት የነበረው ሌላ ድርጅት መሆኑን የሚያሳየውን የኪራይ ውል አያይዣለሁ። አንቀጹ እንዲታረም፣ እርማቱም በዚያው ገጽ ላይ እንዲገለጽ እጠይቃለሁ።» ደብዳቤው የደረሰበትን ቀን የሚያሳይ ማረጋገጫ ይያዙ።

ምላሽ ካላገኙ፣ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 እርማት የመጠየቅና መልስ የመስጠት መብት ስለሚሰጥዎ፣ አቤቱታዎን ለኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ማቅረብ ይችላሉ። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ከአንቀጽ 2044 ጀምሮ ስም ማጥፋትን ይመለከታል። ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ካሣ የሚጠየቀው ግን በአንቀጽ 2143 መሠረት ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ ስለሆነ፣ በሽምግልናና በቀጠሮ ጊዜውን አያሳልፉ። ጉዳዩ በኦሮሚያ ፍርድ ቤት የሚታይ ከሆነ የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ መሆኑን አስቀድመው ያስቡበት፤ ጠበቃ ለመቅጠር አቅም የሌለው ሰው የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት የሚሰጠውን ነፃ የሕግ ድጋፍ ይጠይቅ።

ሽማግሌ መላክን በተመለከተ፣ ጽሑፉን ያወጣው በግል ገጹ የሚጽፍ የሰፈር ሰው ከሆነ ሽማግሌ ከፍርድ ቤት ይልቅ ቶሎ ያስታርቃል። ጋዜጠኛ ላይ ግን ዘመድ አዝማድ መላክ ጫና ማሳደር ነው፣ ራሱም ሌላ ዜና ይሆናል። ከዜናው ሥር ከሚሰጡ አስተያየቶች ጋር መመላለስም ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው፤ ዜናውን ለብዙ ሰው ከማሳየት በቀር ጥቅም የለውም።

በገንዘብ «ከጉግል እናጠፋለን» የሚሉ ሰዎችን አይመኑ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2014 እ.ኤ.አ. አንድ የስፔን ዜጋ በ1998 እ.ኤ.አ. ስለ ዕዳው የወጣው የጨረታ ማስታወቂያ በስሙ ሲፈለግ እንዳይወጣ የመጠየቅ መብት አለው ብሎ ወስኗል፤ ውሳኔው ግን የሚሠራው በአውሮፓ ነው፣ ማስታወቂያውን ያወጣው ጋዜጣም ጽሑፉን እንዲያጠፋ አልተገደደም።

ዜናው ሙሉ በሙሉ እውነት ከሆነ እንዲጠፋ መጠየቁን ይተዉት። የሆነውን አምነው፣ ከዚያ ወዲህ ያስተካከሉትን በሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር በራስዎ ገጽ ይግለጹ፤ ለአሠሪዎና ለቤተሰብዎም ከሌላ ከመስማታቸው በፊት ራስዎ ይንገሯቸው።

እርማት ከተገኘ ሥራው በዚያ አያበቃም፤ መጀመሪያ ያስቀመጡትን ስክሪንሹት አውጥተው፣ ዜናውን ቀድተው ላወጡት ገጾችና የቴሌግራም ቻናሎች ለእያንዳንዳቸው የእርማቱን ሊንክ ይላኩ።