ኮዱ «ዕቃ ግዛ» አይልም፦ የአሮጌ ኮሮላ የሞተር ኮድ ሲነበብ የሚሠሩ ስህተቶች

የመጀመሪያው ስህተት የቼክ ኢንጅን መብራት በበራ ቁጥር ስካነር ፍለጋ መንከራተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩ ባለ ኢንጀክሽን ኮሮላዎች ስካነር የሚሰካበት ባለ 16 ቀዳዳው መሰኪያ የላቸውም፤ ኮዱን፣ ማለትም የብልሽቱን ቁጥር፣ የሚናገሩት በዚያው መብራት ብልጭታ ነው። ሞተሩ ክፍል ውስጥ «ዳያግኖሲስ» የሚል ክዳን ያለው ትንሽ ሣጥን ይፈልጉ። ቁልፉ እንደተዘጋ ቲኢ1 (TE1) እና ኢ1 (E1) የተባሉትን ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ ያገናኙ፤ ከዚያ ሞተሩን ሳያስነሱ ቁልፉን ይክፈቱ። የቀዳዳዎቹ ስም ክዳኑ ላይ አለና ሳያነቡ አይሰኩ። ፕላስ ቢ (+B) የሚለው ከባትሪ ስለሚመጣ ከኢ1 ጋር ቢነካካ ፊውዝ ያቃጥላል።

መብራቱ ሁለት ጊዜ ብልጭ ብሎ፣ ትንሽ ቆሞ፣ እንደገና ሁለት ጊዜ ብልጭ ካለ ኮዱ 22 ነው። ሳያቋርጥ በፍጥነት ብልጭ ድርግም ካለ የተመዘገበ ኮድ የለም። ኤሲ ሳይጠፋ ወይም ነዳጅ መስጫው ተረግጦ ካነበቡ 51 ይመጣል፤ ይህ ብልሽት አይደለም። ብዙ ኮድ ካለ ከትንሹ ቁጥር ወደ ትልቁ ነው የሚወጣው፤ ቀድሞ የወጣው የባሰ ነው ማለት አይደለም።

ገንዘብ የሚበላው ስህተት ግን ኮዱን እንደ ዕቃ ስም መቁጠር ነው። 22ን እንውሰድ። ብዙ ሰው «ሞተሩ ሞቋል» ብሎ ይተረጉመዋል፤ በተለይ ከዓባይ በረሃ ወደ ደጀን ሽቅብ ተወጥቶ ከሆነ። ኮዱ የሚለው ግን የውሃ ሙቀት ሴንሰሩ መስመር ተቋርጧል ወይም ሾርት አድርጓል ነው። ያኔ ኮምፒውተሩ ውሃው 80 ዲግሪ እንደደረሰ ቆጥሮ ነዳጅ ይሰጣል። በደብረ ማርቆስ ብርድ ጠዋት ሞተሩ አልነሳ የሚለውም ለቀዝቃዛ ሞተር የሚበቃ ቤንዚን ስለማያገኝ ነው። ሴንሰር ከመግዛትዎ በፊት ሶኬቱን ይንቀሉና ዝገትና የላላ ፒን ይዩ፤ ክረምት ላይ ጭቃ ለማስለቀቅ ሞተር በውሃ ግፊት ሲታጠብ ውሃው እዚህ ይገባል። ቀጥሎ ሴንሰሩን በቴስተር ይለኩ፦ በ20 ዲግሪ ከ2,000 እስከ 3,000 ኦም፣ በ80 ዲግሪ ከ200 እስከ 400 ኦም። ልኩ ውስጥ ከሆነ ሴንሰሩ ጤነኛ ነው፣ ሽቦውን ይከተሉ። ደግሞም ባለ አንድ ሽቦው ሴንሰር ለዳሽቦርዱ ሙቀት መለኪያ ነው፤ ኮምፒውተሩ የሚያነበው ባለ ሁለት ሽቦውን ነው። ተሳስቶ ባለ አንድ ሽቦውን የሚቀይር አይጠፋም።

ሌላው የጎጃምን ከፍታ መርሳት ነው። ኮድ 31 ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ግፊት የሚለካውን የቫኪዩም ሴንሰር ይመለከታል። ቁልፍ ተከፍቶ ሞተር ሳይነሳ ሲለካ መመሪያው ከ3.3 እስከ 3.9 ቮልት ይላል፤ ይህ ግን የባሕር ጠለል ልክ ነው። አየሩ ስስ በሆነበት ባሕር ዳር 3 ቮልት፣ ደብረ ማርቆስ ደግሞ 2.8 አካባቢ ቢያሳይ ሴንሰሩ በትክክል እየሠራ ነው። ይህን ባለማወቅ ስንት ደህና ሴንሰር ተጥሏል!

ቁልፍ ተከፍቶ ሶኬት አይንቀሉ፤ አዲስ ኮድ ይመዘግባል።

ኮዱን ሳይጽፉ ማጥፋትም የሚያስቆጭ ነው። ጽፈው፣ ጠግነው፣ ቁልፉን ዘግተው የኢኤፍአይን (EFI፣ የነዳጅ ኢንጀክሽኑን) ባለ 15 አምፔር ፊውዝ ቢያንስ 10 ሰከንድ፣ ለጥንቃቄ አንድ ደቂቃ ያውጡ። ከዚያ ግቢ ውስጥ በሚኒሞ አስነስቶ «ጠፋ» ማለት አያስተማምንም። እንደ 21 ያለው የኦክስጅን ሴንሰር ኮድ ተመልሶ የሚመጣው ሞተሩ ሞቆ መኪናው ሲነዳ ነው። ከደብረ ማርቆስ እስከ አማኑኤል ደርሰው ይመለሱና ሽቦውን እንደገና ይሰኩ።