«ሲስተም የለም» ከማለታችን በፊት፦ የንግድ ቤት መረጃ አያያዝ ላይ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ከካራ አለፍ ብሎ፣ ወደ ለገጣፎ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር አለ። ሲሚንቶ፣ ፌሮ፣ ቆርቆሮ፣ ሚስማር፣ ቀለም ይሸጣል። ባለፈው ክረምት አንድ ጠዋት ስደርስ አይሱዙው ተጭኖ በር ላይ ቆሟል። ሹፌሩ ይነጫነጫል። ሠራተኞቹ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል።

«ምን ሆናችሁ?»

«ሲስተም የለም» አለችኝ ካሸሯ።

መብራት ሄዶ ነው። ፌሮው ተቆጥሯል። ብሩ በቴሌብር ገብቷል። የሽያጭ ማሽኑ ባትሪ ስላለው ደረሰኙም ተቆርጧል። የቀረው የዕቃ ማውጫው ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ የሚታተመው ከኮምፒውተሩ ነው። ወረቀት ላይ ጽፎ፣ አስፈርሞ መኪናውን መልቀቅ ይቻል ነበር። ግን ማን እንደሚጽፍ፣ ማን እንደሚፈርም የነገራቸው የለም። መብራቱ የመጣው ከምሳ በኋላ ነው።

ሥራዬ እንዲህ ያሉ ቤቶች ከደብተር ወደ ኮምፒውተር ሲሻገሩ ማገዝ ነው። ለገጣፎ፣ ሰበታ፣ ገላን፣ ሱሉልታ፣ የትም ብሄድ የማያቸው ስህተቶች ይመሳሰላሉ።

ኮምፒውተሩን «ሲስተም» ማለት

የስህተቶቹ ሁሉ አባት ይሄ ነው። የኢንፎርሜሽን ሲስተም ትምህርት ገና ሲጀመር አምስት ነገር ይጠራል፦ መሣሪያው፣ ሶፍትዌሩ፣ ዳታው፣ ሰዎቹ፣ የአሠራር ደንቡ። መብራት ሲሄድ የሚቆሙት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ናቸው። ሰዎቹ እዚያው አሉ። ደንቡ ካለ ወረቀት ላይም ይሠራል። ያን ቀን የጠፋው ደንቡ ነው፤ መብራቱ ቢኖርም ኖሮ ደንብ አልነበረም፣ ኮምፒውተሩ ሸፍኖት ነው እንጂ።

በእንግሊዝ አገር ላየንስ የሚባል የሻይ ቤትና የዳቦ ኩባንያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1951 «ሊዮ» የተባለ ኮምፒውተር ራሱ ሠርቶ ለቢሮ ሥራ አዋለ። የዘወትር የንግድ ሥራ በመሥራት ሊዮ ቀዳሚው ነው ይባላል። የመጀመሪያ ሥራው የመጋገሪያዎቹን ምርት ዋጋ ማስላት ነበር። እኔን የሚገርመኝ ግን ከዚያ በፊት ያለው ነው። ኩባንያው የወረቀት ሥራው እንዴት እንደሚሄድ ብቻ የሚያጠና ክፍል ለዓመታት ነበረው። ማሽኑ የመጣው የተስተካከለ ሥራ ላይ ነው። እኛ ጋ ብዙ ጊዜ ማሽኑ ቀድሞ ይመጣል።

ጥያቄው ሳይታወቅ ሶፍትዌር መግዛት

የዚህ መደብር ባለቤት መጀመሪያ ሲደውሉልኝ «ፒችትሪ ጫንልኝ፣ ጎረቤቴ አለው» ነው ያሉኝ፤ ፒችትሪ የሒሳብ ሶፍትዌር ነው። እኔም፣ «ጋሼ፣ ማታ ሱቅ ሲዘጉ ምን ማወቅ ነው የሚፈልጉት?» አልኳቸው።

ትንሽ አሰቡ። «ማን ስንት ዕዳ እንዳለበት። ፌሮው ደግሞ መቼ እንደሚያልቅ።»

ሁለት ጥያቄ ናት። ለሁለቷ በሥርዓት የተያዘ ኤክሴል ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃል። የሒሳብ ሶፍትዌር መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፤ ቤቱ ሲያድግ ግድ ይሆናል። ግን መልስ የሚገዛ ሰው ጥያቄውን ይወቅ። «ካሽ ሬጅስተር አለኝ፣ ምን አነሰኝ?» የሚሉም አሉ። እሱ በዋናነት ለግብር ነው። የቀኑን ሽያጭ ይነግራችኋል እንጂ ዱቤ ማን ላይ እንዳለ አይነግራችሁም።

አንዱን ነገር በአሥር ስም መመዝገብ

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልቆይ፤ ብር የሚፈሰው እዚህ ነውና።

ባለ 12 ፌሮን፣ ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር የሆነውን፣ ውሰዱ። ሲገዛ በኪሎና በኩንታል ነው። ሲሸጥ በቤርጋ፣ ማለትም ባለ 12 ሜትሩ ዘንግ እየተቆጠረ። መደብሩ 50 ኩንታል አስገባና ኮምፒውተሩ ላይ «50» ብሎ መዘገበ። በማግስቱ አንድ ቤት የሚሠራ ሰው 60 ቤርጋ ገዛ። ማታ ሪፖርቱ ቀሪው ከዜሮ በታች አሥር ነው አለ። ግቢው ውስጥ ግን ፌሮው ተከምሮ ይታያል። ጋሼ «ኮምፒውተሩ አብዷል» አሉ።

ኮምፒውተሩ አላበደም። ከኩንታል ላይ ቤርጋ ቀንስ ተብሎ ቀነሰ። ባለ 12 ፌሮ በአንድ ሜትር 0.888 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። የ12 ሜትር ቤርጋ 10.66 ኪሎ ያህል ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ 50 ኩንታሉ 469 ቤርጋ ገደማ ነው። ዕቃው እንደገባ ወደ ቤርጋ ቀይሮ መመዝገብ፣ ከዚያ በኋላ በቤርጋ ብቻ መናገር። ሲሚንቶም ያው ነው። ዋጋው በኩንታል ይጠራል፣ የሚጫነው ግን ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ነው። አንዷ ኩንታል ብላ፣ ሌላዋ ከረጢት ብላ ከጻፈች ግማሹ ሲሚንቶ በወረቀት ላይ ይጠፋል።

ስምም አለ። ዕቃው አንድ ቦታ «ፌሮ 12»፣ ሌላ ቦታ «12 ፌሮ»፣ ሌላ ቦታ «ብረት ባለ 12» ይባላል። ለእኛ አንድ ነው። ለኮምፒውተር ሦስት ዕቃ ነው።

የሰው ስም ደግሞ ይብሳል። ፊደላችን እንደምታውቁት ነው። «ፀሐይ»፣ «ጸሀይ»፣ «ፀሃይ» ብትጽፉ ድምፁ አንድ ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን ለእያንዳንዱ ፊደል የተለየ ቁጥር ስለሚሰጥ ሦስት ደንበኛ አድርጎ ይይዛቸዋል። የሴትየዋ ዱቤ ሦስት ቦታ ተበትኖ ሲታይ ትንሽ ይመስላል። ሲደመር ግን ሌላ ነው። ከውጭ የመጡት ፕሮግራሞች ደግሞ የቤተሰብ ስም ይጠይቃሉ። አንዱ ጸሐፊ እዚያ የአባት ስም ይሞላል፣ ሌላው የአያት።

መፍትሔው ቀላል ነው። ደንበኛን በስልክ ቁጥር መለየት፣ ስሙ አጠገቡ ይቀመጥ። ብቻ ኤክሴል ላይ ዓምዱን አስቀድማችሁ ጽሑፍ አድርጉት። አለዚያ ከ09ም ከ07ም የፊቷን ዜሮ ይውጣታል።

ቀንም እንዲሁ ያጣላል። «05/03» ምንድን ነው? ለእኛ ኅዳር 5 ነው። በፈረንጁ አንዱ ሜይ 3 ይለዋል፣ ሌላው ማርች 5። የፈረንጅ ሶፍትዌር 13ኛ ወር አያውቅም፤ ጳጉሜን ላይ የሸጣችሁትን የት ታስገቡታላችሁ? አንዱን አቆጣጠር ምረጡና ግድግዳው ላይ ለጥፉት። ሁለቱን ማደባለቅ ግን አይሆንም።

ለአራት ሰው አንድ የይለፍ ቃል

ኮምፒውተሩ ግርጌ ላይ በፕላስተር «1234» ተለጥፏል። አራቱም በዚያው ስም ይገባሉ። ለየብቻ እናድርግላቸው ስል ጋሼ ቅር አላቸው። ስቶር የምትይዘው የእህታቸው ልጅ ናት። «አላምንሽም ልበላት?»

ብዙ ሳይቆይ አሥራ አራት ጋሎን ቀለም ጎደለ። ጥርጣሬው በቀጥታ ልጅቷ ላይ ወደቀ። መዝገቡ ማን ምን እንዳደረገ አይናገርም፤ የሁሉም ስም አንድ ነው። አሥር ቀን በእንባ አለፈ። በኋላ ሲጣራ፣ አንድ የድሮ ደንበኛ በዱቤ ጭኖት ኖሯል፤ የሰጠው ሰው ማታ እመዘግባለሁ ብሎ ረሳው። የተለየ የይለፍ ቃል ታማኝን ሰው ነው የሚጠብቀው። ከዚያ ወዲህ ጋሼ አልተከራከሩኝም። አሁን ዕቃ የምታወጣው አንዷ ናት፣ የምትመዘግበው ሌላዋ፣ ገንዘብ የምትቀበለው ሦስተኛዋ።

ቅጂውን እዚያው ማስቀመጥ

«ባክአፕ አለን» ይሉኛል። የት? እዚያው ኮምፒውተር ላይ፣ ሌላ ፎልደር ውስጥ። ወይም ሁሉም ፎቶ ሲያስገለብጥበት በሚውል ፍላሽ። በሾርትከት ቫይረስ ያልተለበለበ አንባቢ ካለ እጁን ያውጣ። አንድ ቅጂ ከሱቁ ውጭ ይደር፣ በወር አንዴ ደግሞ ከፍታችሁ ይሠራ እንደሆነ እዩት። ከዚህ በላይ የሚባል ነገር የለውም።

ሪፖርት አሳትሞ አለማንበብ

ሮበርት አንቶኒ የሚባሉ የሃርቫርድ መምህር እ.ኤ.አ. በ1965 የአስተዳደርን ውሳኔ በሦስት እርከን ከፈሉት፦ የዕለት ሥራ፣ ቁጥጥር፣ የወደፊት ዕቅድ። ለእያንዳንዱ የሚያስፈልገው መረጃ ይለያያል። ካሸሯ እያንዳንዱን ሽያጭ ማየት አለባት። ባለቤቱ አሥራ አራት ገጽ ሽያጭ ቢሰጣቸው ሻይ ማስቀመጫ ነው የሚያደርጉት። እውነቴን ነው፣ አይቻለሁ።

የባለቤት መረጃ አጭር ነው፤ ግን ትክክለኛው መሆን አለበት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ጋሼ መጋዘናቸው ሙሉ ነበር። መዝገባቸው የያዘው የተገዛበትን ዋጋ ብቻ ነው። እሱ ላይ የለመዱትን ትርፍ ጨምረው ሸጡ። ሪፖርቱ አትራፊ ናቸው አለ። ደስ ብሏቸው ሊተኩ ሲሄዱ ብሩ የሸጡትን ያህል ፌሮ አልገዛም። አሁን በየቀኑ ማታ በስልካቸው ሦስት መስመር ይደርሳቸዋል፦ ዛሬ የተሸጠው፣ ዱቤው የደረሰበት፣ ለማለቅ የተቃረበው ዕቃ ዛሬ ቢገዛ ስንት እንደሚያወጣ። ሦስተኛዋን መስመር የምታመጣው ካሸሯ ናት፣ አቅራቢዎች ጋ ደውላ። ያው ሲስተም ማለት እሷም ናት።

ደብተሩን በአንድ ሌሊት መጣል፣ ወይም ጭራሽ አለመጣል

በአንድ ቀን የተሻገሩት ሲሳሳቱ መመለሻ ያጣሉ። ሁለቱን እያስኬዱ ዓመት የሞላቸው ደግሞ የትኛው እውነት እንደሆነ አያውቁም። አንድ ወር ጎን ለጎን አስኪዱ፣ በየሳምንቱ አስተያዩ፣ ከዚያ ደብተሩን ዝጉት። ብዙ ነጋዴ ሒሳቡን የሚዘጋው ሰኔ 30 ስለሆነ ሐምሌ 1 ጥሩ መነሻ ነው። መነሻው ግን የደብተሩ ቁጥር አይሁን። መጋዘን ገብታችሁ ቁጠሩ።

ጋሼ ቤት ቆጠራው ሦስት ቀን ፈጀ። በሦስተኛው ቀን፣ ከቆርቆሮው ጀርባ፣ አቧራ የለበሰ ስድስት ካርቶን ሴራሚክ ወጣ። ደብተሩ ላይ የለም። ኮምፒውተሩ ላይ የለም። ጋሼ አንዱን ካርቶን በመዳፋቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉና ወደ እህታቸው ልጅ ዞሩ።

«ይሄ ደግሞ የማን ነው?»

«እኔ ስመጣም እዚሁ ነበር፣ ጋሼ» አለች። ብዕሯን አውጥታ መዘገበችው።