በሆህ ዝናባማ ደን ውስጥ የአንድ ቀን የእግር ጉዞ እንዴት እንደሚደረግ

ሲያትል የምትኖሩ ወገኖች፣ ይህን ደን ሳታዩ አትቅሩ። በመኪና አራት ሰዓት ያህል ነው። ሆህ የሚገኘው በዋሽንግተን ግዛት፣ ኦሊምፒክ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ነው። በዓመት 3.5 ሜትር ገደማ ዝናብ ይዘንብበታል፤ አዲስ አበባ ከምታገኘው ሦስት እጥፍ ገደማ ማለት ነው።

በመጀመሪያ ወቅቱን ምረጡ። እኛ አገር ዝናቡ የሚከብድበት ሐምሌና ነሐሴ እዚያ ደረቁ ወቅት ነው። ግን ሰውም የሚበዛው ያኔ ነው። የመኪና ማቆሚያው ሲሞላ በር ላይ ረጅም ወረፋ ይጠብቃችኋል። ስለዚህ የካምፕ ቦታ አስቀድማችሁ በኢንተርኔት ያዙና ዋዜማውን ደኑ ውስጥ እደሩ። ጠዋት ከድንኳን ወጥቶ በቀጥታ መንገድ መጀመርን የመሰለ ነገር የለም። ነዳጅ ፎርክስ ከተማ ላይ ሙሉ። ካርታውንም እዚያው ስልካችሁ ላይ ጫኑ፤ ደኑ ውስጥ ኔትወርክ የለም።

ቀጥሎ ልብስ። ጂንስና የጥጥ ቲሸርት ተዉ። ጥጥ ከረጠበ ቶሎ አይደርቅም፣ ሰውነትንም ያቀዘቅዛል። የሱፍ ካልሲ፣ የማይንሸራተት ጫማና የዝናብ ጃኬት ያስፈልጋል፤ ሰማዩ ጥርት ቢልም ጃኬቱን አትተዉት። ለስንቅ ቆሎና በሶ ያዙ። ቀላል ናቸው፣ ያጠግባሉ።

ማልዳችሁ ሆል ኦፍ ሞስስ በሚባለው አጭር መንገድ ጀምሩ። ዞሮ የሚመለስ 1.3 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚያ የሆህን ወንዝ ተከትሎ ወደሚሄደው መንገድ እለፉ። ብዙ ሰው አጭሩን ጨርሶ ይመለሳል፤ ለእኔ ግን ደኑ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ፋይቭ ማይል አይላንድ ድረስ 8 ኪሎ ሜትር፣ ደርሶ መልስ 16 ነው። መንገዱ በአብዛኛው ሜዳማ ስለሆነ ለጀማሪም አይከብድም።

እዚህ አትቸኩሉ። ከወደቁት ግንዶች አጠገብ ቁሙ። መሬቱ ፈርን በሚባል ቅጠላማ ተክልና በዛፍ ሽበት ስለተሸፈነ ትንሽ ችግኝ ቦታ አያገኝም። ስለዚህ ዘሩ በወደቀው ግንድ ላይ ይበቅላል፣ ሥሩንም በግንዱ ጎንና ጎን ወደ መሬት ይሰዳል። ከብዙ ዘመን በኋላ ግንዱ በስብሶ ሲያልቅ ዛፎቹ ሥራቸው ላይ እንደቆሙ ይቀራሉ፣ ግንዱ የነበረበትም ክፍት ቦታ ሆኖ ይታያል። ቀጥ ባለ መስመር የተሰለፉ፣ ስፕሩስ የሚባሉ ግዙፍ ዛፎች ካያችሁ፣ አንድ ግንድ ያሳደጋቸው ናቸው። ይህን ሳውቅ ደኑን የማይበት ዓይን ተለወጠ።

ወንዙ ወተት የመሰለው ተራራው ላይ ያለው የበረዶ ግግር ፈጭቶ በሚያወርደው የድንጋይ ዱቄት ነው። ውሃውን ሳታጣሩ ወይም ሳታፈሉ አትጠጡ። ኤልክ የሚባሉት ትልልቅ አጋዘኖች ካጋጠሟችሁ ቢያንስ 45 ሜትር ራቁ፤ በተለይ ግልገል ካላቸው። ውሻችሁን ይዛችሁ አትምጡ፣ በእነዚህ መንገዶች አይፈቀድም።

የመመለሻ ሰዓታችሁን ከመነሳታችሁ በፊት ቁረጡ። ሰዓቱ ከደረሰ፣ ያሰባችሁበት ባትደርሱም ተመለሱ፤ ከጥቅጥቅ ዛፍ ሥር ቶሎ ይጨልማል። ካምፕ ስትገቡ መጀመሪያ ካልሲ ቀይሩ። ከራት በኋላ የተረፈውን ምግብ፣ ሳሙናና የጥርስ ሳሙና ሳይቀር፣ መኪና ውስጥ ቆልፉበት። ድብ ሽታ ተከትሎ ይመጣልና ድንኳን ውስጥ ቆሎም ቢሆን አታሳድሩ።