አሮጌ የስልክ ሞደምን በሊኑክስ ማሠራት፦ ከድሬዳዋ ሐረር በቤት ስልክ መስመር

ኢንተርኔት በተቋረጠበት ቀን ድሬዳዋ ያለ ኮምፒውተር ሐረር ካለ ኮምፒውተር ጋር በተራ የቤት ስልክ መስመር ሊነጋገር ይችላል። የሚያስፈልገው በሁለቱም ጫፍ የሚሠራ የቤት ስልክ፣ ሁለት አሮጌ ሞደሞች (የኮምፒውተርን መረጃ በስልክ ሽቦ እንዲያልፍ ወደ ድምፅ የሚቀይሩ መሣሪያዎች) እና ሊኑክስ የተባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም የተጫነባቸው ሁለት ኮምፒውተሮች ናቸው። ፍጥነቱን ግን አስቀድሞ ማወቅ ተገቢ ነው። ሞደሙ ላይ 56 ኪሎቢት ተብሎ ቢጻፍም፣ ያ ፍጥነት የሚገኘው አንደኛው ጫፍ ከስልክ ማዞሪያው ጋር በዲጂታል መስመር ሲገናኝ ብቻ ነው፤ በሁለት የቤት ስልኮች መካከል ከፍተኛው በሰከንድ 33.6 ኪሎቢት ነው። ይህም በሰከንድ አራት ኪሎባይት ያህል ማለት ስለሆነ የ1 ሜጋባይት ፋይል አራት ደቂቃ ግድም ይፈጃል። ለደብዳቤና ለሂሳብ ሠንጠረዥ ይበቃል፤ ለቪዲዮ አይታሰብም።

ከዚህ በታች ያሉትን ትእዛዞች በአነባበባቸው ጽፌያቸዋለሁ፤ በኮምፒውተሩ ላይ ግን ኪቦርዱን ወደ አማርኛ ሳይቀይሩ በላቲን ፊደል ይጻፋሉ።

ሊኑክስ ላይ የሚያስቸግረውና የማያስቸግረው ሞደም የሚለየው ገና ሲገዛ ነው። እውነተኛው ሞደም መረጃውን ወደ ድምፅ፣ ድምፁንም መልሶ ወደ መረጃ የሚቀይር ቺፕ በራሱ ውስጥ ይዟል። ዊንሞደም የሚባለው ግን ዋጋው እንዲቀንስ ሲባል ይህን ሥራ ለኮምፒውተሩ ፕሮሰሰር የተወ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም በላፕቶፕ ውስጥ ወይም በዴስክቶፕ ካርድ መልክ ተገጥሞ ይገኛል። ለዊንሞደም የተሠሩ የሊኑክስ ድራይቨሮች (ኮምፒውተሩ ዕቃውን እንዲያሠራ የሚያስችሉ ፕሮግራሞች) ነበሩ፤ ነገር ግን አንዳንዶቹ የተዘጋጁት ለ32 ቢት ሲስተም ብቻ ነው፣ የአንዱ ነፃ ቅጂም ፍጥነቱ ከ14.4 ኪሎቢት እንዳያልፍ የተገደበ ነበር። እንደኔ አስተያየት በዊንሞደም ላይ የሚባክነው ጊዜ አያዋጣም። ታይዋን በሚባለው የድሬዳዋ ገበያ አሮጌ ዕቃ ሲያገላብጡ ሞደም ካገኙ ጀርባውን ይመልከቱ፤ 9 ወይም 25 እግር ያለው የሰርያል ሶኬት ካለው ሳይጠራጠሩ ይውሰዱት። ከዩኤስቢዎቹ መካከል እንደ ዩኤስ ሮቦቲክስ 5637 ያሉት ሊኑክስ ያለ ተጨማሪ ድራይቨር የሚያውቃቸው ናቸው። አዲስ ኮምፒውተር የሰርያል ሶኬት ስለማይኖረው ከሰርያል ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር ኬብል ይጨመርበታል።

ኤሌክትሪክ ላይ ከመሰካትዎ በፊት የአዳፕተሩን ጽሑፍ ያንብቡ። ከአሜሪካ በዘመድ በኩል የመጣ ሞደም አዳፕተሩ ለ120 ቮልት የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ እኔም የመጀመሪያውን ሞደሜን በ220 ቮልት ላይ ሰክቼ፣ ሽታው ቤቱን ሞልቶት ነው ስህተቴን ያወቅሁት። ምትክ አዳፕተር ሲገዙም ቮልቱ ስለገጠመ ብቻ አይውሰዱ፤ አንዳንድ ሞደሞች ተለዋዋጭ ኤሲ፣ አንዳንዶቹ ዲሲ ይፈልጋሉና።

ቀጥሎ መስመሩ ይፈተሻል። ተራ የስልክ ቀፎ ግድግዳው ላይ ካለው ሶኬት ጋር አገናኝተው ያዳምጡ፤ ጩኸት፣ ፍርክስክስታ ወይም የራዲዮ ድምፅ ከተሰማ ሞደሙ ከዚያ የተሻለ ሊሰማ አይችልምና መጀመሪያ ሽቦው ይስተካከል። በድሬዳዋ አቧራ የሶኬቱ እግሮች ይቆሽሻሉ፤ በደረቅ ብሩሽ ማጽዳት ብዙ ጊዜ ይረዳል። በዚያው መስመር ላይ የኤዲኤስኤል ኢንተርኔት (በስልክ ሽቦው የሚመጣው) ካለ በሞደሙና በግድግዳው መካከል ማጣሪያ መግባት አለበት። ሞደሙ ሁለት የስልክ ቀዳዳዎች ካሉት ከግድግዳው የሚመጣው ሽቦ የሚገባው ላይን በተባለው ነው፤ ፎን የተባለው ለቀፎው ነው። ሐረር በኢትዮጵያ የስልክ ታሪክ ከቀዳሚዎቹ ከተሞች አንዷ ናት፤ በአፄ ምኒልክ ዘመን ከአዲስ አበባ ጋር ያገናኛት የ477 ኪሎ ሜትር መስመር ሥራ የተጀመረው በ1894 እ.ኤ.አ. ነው። በጀጎል ውስጥ ባሉ አሮጌ ቤቶች ግን በግንብ ላይ የተዘረጋው የውስጥ ሽቦ ያረጀ ሊሆን ስለሚችል፣ እዚያኛው ጫፍ ላይ ያለው ሰው ይህን ፍተሻ እንዳይዘለው ይንገሩት።

መስመሩ ንጹሕ ከሆነ ኮምፒውተሩ ሞደሙን ማየቱን ማረጋገጥ ይቀጥላል። ሞደሙን ሰክተው ወዲያው ተርሚናል በሚባለው የትእዛዝ መጻፊያ መስኮት ላይ «ሱዶ ዲሜስግ» (ሁለተኛው ቃል በፊደል ዲ፣ ኤም፣ ኢ፣ ኤስ፣ ጂ ነው) ብለው ይጻፉና የመጨረሻዎቹን መስመሮች ያንብቡ። በዩኤስቢ የተሰካው አብዛኛውን ጊዜ «ቲቲዋይኤሲኤም0» በሚል ስም ይወጣል፤ በመቀየሪያ ኬብል የመጣው «ቲቲዋይዩኤስቢ0» ይባላል፤ በኮምፒውተሩ የራሱ የሰርያል ሶኬት ላይ ያለው ደግሞ «ቲቲዋይኤስ0» ነው። ይህን ስም ማስታወሻ ላይ ይያዙት። በደብያንና በኡቡንቱ በተባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች ተራ ተጠቃሚ ወደዚህ ፖርት (የሞደሙ መሰኪያ) እንዲገባ «ዳያልአውት» የተባለው ቡድን አባል መሆን አለበት፤ ከተጨመሩ በኋላ ወጥተው ካልገቡ ለውጡ አይሠራም። ሞደም ማኔጀር የሚባለው አገልግሎትም አዲስ የተሰካን ፖርት በራሱ እየነካካ ሊያስቸግር ስለሚችል ለሥራው ጊዜ ያቁሙት።

አሁን ሞደሙን ማነጋገር ይቻላል። ሚኒኮም የተባለውን ፕሮግራምና ፋይል ለመላክ የሚያገለግለውን «ኤልአርዜድኤስዜድ» ጥቅል ኢንተርኔት ባለበት ቀን በሁለቱም ኮምፒውተሮች ላይ ይጫኑ፤ መስመሩ ከተቋረጠ በኋላ ማውረጃ አይኖርምና። «ሱዶ ሚኒኮም -ኤስ» ብለው ሲከፍቱት የሰርያል ፖርት ማስተካከያ ይመጣል፤ እዚያ የያዙትን የፖርት ስም ያስገቡ፣ ፍጥነቱን 115200 ያድርጉ፣ የሀርድዌር ፍሰት መቆጣጠሪያውን ያብሩ፣ የሶፍትዌሩን ያጥፉ። ከዚያ ባዶው ገጽ ላይ «ኤቲ» ብለው ኢንተር ይጫኑ። ሞደሙ «ኦኬ» ብሎ መመለስ አለበት። ይህች ሁለት ፊደል ሳትመጣ ቁጥር መደወል ከንቱ ድካም ነው፤ ብዙ ሰው ግን ከመደወል ይጀምርና ሲከሽፍበት ጥፋቱን መስመሩ ላይ ያላክካል። መልስ ከሌለ ጉድለቱ ያለው በፖርቱ ስም፣ በኬብሉ ወይም በፈቃዱ ላይ እንጂ በስልኩ ላይ አይደለም። መልሱ ከመጣ በኋላ «ኤቲ&ኤፍ» ብለው ሞደሙን ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ ይመልሱት።

ሐረር ያለው ሰው «ኤቲኤስ0=1» ብሎ ከጻፈ ሞደሙ በመጀመሪያው ጥሪ ራሱ ስልኩን ያነሣል። እኔ ግን በእጅ ማንሣቱን እመርጣለሁ፦ ስልኩ ሲጠራ ስክሪኑ ላይ «ሪንግ» የሚል ጽሑፍ ይወጣል፣ በዚያን ጊዜ «ኤቲኤ» ብሎ ኢንተር መጫን ነው። ሞደሙ በራሱ እንዲያነሣ ተትቶ የተረሳ እንደሆነ ሰላም ልትል የደወለች አክስት የፉጨት መዓት ይቀበላታል። ድሬዳዋ ያለው ሰው «ኤቲዲቲ» ብሎ ቁጥሩን አስከትሎ ይደውላል። ድሬዳዋም ሐረርም በ025 ሥር ስለሆኑ ቁጥሩን ልክ በቀፎ ሲደውሉ እንደሚያደርጉት ይጻፉት። የሞደሙን ድምፅ ማጉያ አያጥፉ፤ ጆሮ ከስክሪን የበለጠ ይናገራል። መደወያው፣ ጥሪው፣ ፉጨቱ፣ ከዚያም ሹርሹርታው በተራ ከተሰሙ በኋላ ዝም ሲል «ኮኔክት» የሚለው ቃል ከፍጥነቱ ጋር ይወጣል። ከዚህ ወዲያ አንዱ የጻፈው በሌላው ስክሪን ላይ ይታያል።

ችግሩ የሚነበበው ከመልሱ ነው። ቀፎው ላይ ድምፅ እየተሰማ ሞደሙ «ኖ ዳያልቶን» ካለ፣ የማዞሪያውን ድምፅ ሞደሙ አላወቀውም ማለት ነው፤ «ኤቲኤክስ3» ሲባል ያንን ድምፅ ሳይጠብቅ ይደውላል። «ኖ ካሪየር» ሲል ግን ያዳምጡ። ፉጨቱ ጨርሶ ካልተሰማ ያነሣው ሰው እንጂ ሞደም አይደለም። ፉጨቱ ተሰምቶ ሁለቱ መግባባት ካልቻሉ ደግሞ መስመሩ ጫጫታ አለው፣ አለዚያም በመንገድ ላይ ድምፁ እንደ ኢንተርኔት መረጃ ተቆራርጦ የሚያልፍበት ክፍል አለ። የቤት ስልክ በፋይበር ሳጥን በኩል ሲመጣ ይህ ሊያጋጥም ይችላል። መፍትሔው ፍጥነቱን ሆን ብሎ መቀነስ ነው፤ በብዙ ሞደሞች «ኤቲ+ኤምኤስ=ቪ32ቢ» ሲባል ግንኙነቱ ቢበዛ 14.4 ኪሎቢት ላይ ይቆማል፣ በዩኤስ ሮቦቲክስ ሞደሞች ደግሞ ይህን የሚያደርገው የ«&ኤን» ትእዛዝ ነው። የዘገየ ግንኙነት በየደቂቃው ከሚበጠስ ፈጣን ይሻላል፤ በተለይ የስልኩ ሂሳብ በደቂቃ ሲቆጠር። በጥሩ ሁኔታ እየሄደ ድንገት የሚቋረጥ ከሆነ የተደራቢ ጥሪ አገልግሎት መኖሩን ይጠይቁና ያስጠፉ፤ የእርሱ ጢጥታ መረጃውን ያቋርጣል።

ፋይል ለመላክ በሚኒኮም ውስጥ ኮንትሮልና ኤ አብረው ተጭነው ከለቀቁ በኋላ ኤስ ይጫኑና ዜድሞደም የሚለውን የመላኪያ ዘዴ ይምረጡ፤ ተቀባዩ በኩል መቀበሉ ብዙውን ጊዜ በራሱ ይጀምራል። ዜድሞደም መካከል ላይ ቢቋረጥ ካቆመበት መቀጠል ስለሚችል ለእንዲህ ዓይነቱ መስመር የተመረጠ ነው። ከመላክዎ በፊት ፋይሉን በጂዚፕ ቢጨምቁት የጽሑፍ ፋይል መጠን በእጅጉ ይቀንሳል፤ ፎቶ ግን ቀድሞውኑ የተጨመቀ ስለሆነ ለውጥ አያመጣም።

ሲጨርሱ መስመሩን መዝጋት አይርሱ። ምንም ሳይጽፉ አንድ ሰከንድ ይቆዩ፣ ሦስት የመደመር ምልክቶችን በተከታታይ ይጻፉ፣ ኢንተር ሳይጫኑ እንደገና አንድ ሰከንድ ይጠብቁ፤ «ኦኬ» ሲመጣ «ኤቲኤች» ብለው ይዝጉ። ከዚያም ቀፎውን አንሥተው የመስመሩ ድምፅ መመለሱን በጆሮዎ ያረጋግጡ። በክረምት ደመና ሲከብድና ነጎድጓድ ሲጀምር ደግሞ የስልኩንም የኤሌክትሪኩንም ሽቦ ይንቀሉ።